አሠልጣኙ ተነሡ፤ ማን ይተካቸው?



አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ከሥራው በተሰናበተ ማግሥት በሻይ ክበባችንም ሆነ በመኝታ ክፍሎቻችን የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ማን ይተካው?» ይባላል። አንዱ «ፈረንጅ ይምጣ!» ይላል። ሌላው «እንዴ! የኛው ሰው ምን አነሰው?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ «አይ ወንድሜ፣ መጀመሪያውንስ ለምን አነሡት?» እያለ ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ይዘልቅና በማግሥቱ ካቆመበት ይቀጥላል። በገንዳ ውኃ ሻይ ቤቶች፣ በመተማ ዮሐንስ የጭነት መኪና ተራ፣ ወይም ከሰሊጥ እርሻ ተመልሰው ሬድዮ በከበቡ የቋራ ሠራተኞች ዘንድ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ስለ ፋሲል ከነማ፣ ስለ ብሔራዊ ቡድን፣ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድም ቢሆን የክርክሩ መልክ አይለወጥም።

ክርክሩን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ደጋፊ የማይከራከርበት ቡድን የሞተ ቡድን ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጉልበት የሚፈስበት ክርክር ብዙውን ጊዜ ለምን ከስም ጥሪ እንደማያልፍ፣ እንዴትስ ቢካሄድ ፍሬ እንደሚሰጥ መረዳት ለኛ ለመምህራንና ለዕጩ መምህራን የተለየ ጥቅም አለው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንገልጻለን። በቅድሚያ ሁላችንም በምናውቀው አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንጀምር።

፩. የ2006 ዓ.ም. ስንብት

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያ ውድድር በኋላ ለ31 ዓመታት ያህል ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ነበር። ይህን ረጅም ጾም የፈታው በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ ደግሞ ለዚህ ለቆላው አካባቢ ሕዝብ ከማንም በላይ ቅርብ ነበር፤ ተጋጣሚያችን ሱዳን ነበረችና። መተማ ዮሐንስና ገላባት በአንድ ድልድይ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለሆነም ውጤቱ በማግሥቱ በገበያ ላይ ፊት ለፊት የሚያጋጥም ነገር ነበር።

በጳጉሜ 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ በተደረገው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። ያን ዕለት «ሰውነት ይነሣ» የሚል ሰው ቢገኝ ማን ይሰማው ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግን ምድቡን በመሪነት ጨርሶ እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ደረሰ። በዚህም መካከል በቢጫ ካርድ ቅጣት ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፎ በመገኘቱ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበታል። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ናይጄሪያ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ በካላባር ደግሞ 2 ለ 0 አሸነፈችው። በዚያው ዓመት ጥር ወር በሀገር ውስጥ ሊጎች የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚካፈሉበት የቻን ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ አንድ ግብ እንኳ ሳያስቆጥር ተመለሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ጀግና የተባሉት ሰው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይተው «ይሂዱ» ተባሉ ማለት ነው።

፪. ሦስቱ ወገኖች ምን አሉ?

ክርክሩ ወዲያው በሦስት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ወገን «የውጭ ሀገር አሠልጣኝ ያስፈልገናል» አለ። ምክንያቱ ዘመናዊ የሥልጠና ዘዴ፣ ሥነ ሥርዓትና ልምድ ነበር። ሁለተኛው ወገን «ቋንቋውን፣ የተጫዋቹን ጠባይና ሊጉን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይሻላል» አለ። ሦስተኛው ወገን «31 ዓመት ያልተገኘ ውጤት ያመጣን ሰው በሦስት ጨዋታ ማባረር ውለታ ቢስነት ነው» ብሎ ተከራከረ።

ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ነበራቸው። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከት አንዳቸውም «ጉድለቱ ምን ነበር?» ብለው አልጀመሩም። በቻን ግብ ያልተቆጠረበት ምክንያት አጥቂ በማጣት ነው ወይስ በአጨዋወት? በዚያን ጊዜ ሳላዲን ሰይድና ጌታነህ ከበደ በውጭ ሀገር ክለቦች ይጫወቱ ስለነበር በቻን መሰለፍ አይችሉም ነበር። ይህ የውድድሩ ደንብ እንጂ የአሠልጣኙ ምርጫ አይደለም። የሦስቱ ነጥብ ቅጣትስ? ካርድ መዝግቦ መከታተል የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ነው፤ የአጨዋወት ስልት ጉዳይ አይደለም። አሠልጣኝ ቢቀየር መዝገቡ በራሱ አይስተካከልም። በአንፃሩ በናይጄሪያ ሁለት ጊዜ መሸነፉ እውነተኛ የአቅም ልዩነትን ሊያመለክት ይችላል። ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ የተሰጣቸው ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው።

፫. «ፈረንጅ ወይስ የኛ?» የሚለው ጥያቄ

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ስናነሣ ይድነቃቸው ተሰማ በአሠልጣኝነት ቡድኑን መርተዋል። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ የሄደውን ቡድን ያሠለጠኑት ደግሞ ከ1954ቱ ጨዋታ ግብ አግቢዎች አንዱ የነበሩት መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ከሰውነት ቢሻው በፊት በተከታታይ ኢፊ ኦኑራና ቤልጂጋዊው ቶም ሴንትፊት ተሞክረው ነበር፤ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። ወደ ዋንጫው ያደረሰን የሀገር ልጅ ነበር።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «እንግዲህ የሀገር ልጅ ይበልጣል» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቋጭ አይደለም። ሰውነትን የተኩት ቀደም ሲል ጋናን ያሠለጠኑት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ነበሩ። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ባደረጓቸው 6 ጨዋታዎች 4 ነጥብ ብቻ አገኙና በምድቡ መጨረሻ ሆኑ። ባሬቶም በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ተራው የሀገር ልጅ ሆነና ዮሐንስ ሣህሌ ተሾሙ። ቡድኑን ለሩዋንዳው ቻን አበቁ፤ ነገር ግን በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ ሜዳ 7 ለ 1 ተሸነፉ። ከአራት ቀን በኋላ ያው ቡድን ያንኑ አልጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 3 ቢገታም ስንብቱ አልቀረም።

ከሰውነት ስንብት እስከ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራርቀዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት አሠልጣኝ ማለት ነው። በ2015፣ በ2017 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ግን አንዱንም አልተካፈልንም። ፈረንጅም መጣ፣ የኛም መጣ፤ ፓስፖርቱ ብቻውን ምንም አልወሰነም።

፬. «አዲሱ ሲመጣ ተሻሻለ» ለምን እንላለን?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ቆይ እንጂ! አሠልጣኝ ሲቀየር ቡድን ሲነቃ በዓይናችን አይተን የለም ወይ?» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ አይተናል። ነገር ግን የነቃው በአዲሱ ሰው ምክንያት መሆኑን በምን አወቅን?

ይህን ለማስረዳት ከኳስ ሜዳ ወደ መማሪያ ክፍል እንሂድ። አንድ ተማሪ በሒሳብ ዘወትር ከ100 ወደ 60 ገደማ የሚያመጣ ነው እንበል። አንድ ቀን ወባ አድክሞት፣ ወይም ያልለመደው ጥያቄ መጥቶበት 35 አገኘ። መምህሩ አጥብቆ ተቆጣው። በሚቀጥለው ፈተና 58 አመጣ። መምህሩ «አያችሁ፣ ቁጣ ይሠራል!» ይላል። ነገር ግን ተማሪው ባይቆጡትም ወደ ለመደው ወደ 60 አካባቢ መመለሱ አይቀርም ነበር። 35 የመጣው በክፉ ቀን ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ በተከታታይ አይመጣም። ያው ተማሪ አንድ ቀን 85 አምጥቶ ቢመሰገንና በሚቀጥለው 62 ቢያመጣ መምህሩ «ምስጋና ያሰንፋል» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ድምዳሜ የተሳሳተ ነው። ይህን ስሕተት ያልተገነዘበ መምህር ዕድሜውን ሙሉ ቁጣን ሲያበዛ፣ ምስጋናን ሲነፍግ ይኖራል።

በእግር ኳስም እንዲሁ ነው። አሠልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከለመደው ደረጃ በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ በታች ብዙ ቦታ ስለሌለ ከስንብቱ በኋላ ውጤቱ ቀና ማለቱ አይቀርም። ባስ ተር ዌል የተባሉ የሆላንድ ኢኮኖሚስት ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን የሀገራቸውን ከፍተኛ ሊግ መርምረው በ2011 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። አሠልጣኛቸውን ያባረሩ ክለቦችን፣ እንደነሱው ወድቀው ሳለ ካላባረሩ ክለቦች ጋር አነጻጸሩ። ያባረሩትም ያላባረሩትም በተመሳሳይ መንገድ አገገሙ። ጥናቱ የሚያስተምረን አንድ ቀላል ነገር ነው፤ «ከዚያ በኋላ ተሻሻለ» ማለት «በዚያ ምክንያት ተሻሻለ» ማለት አይደለም።

፭. የዘራ ሌላ፣ ያጨደ ሌላ

ሁለተኛው የክርክራችን ጉድለት ውጤትን ሁሉ በመጨረሻው ሰው ስም መመዝገባችን ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ለ2021 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው ማጣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ያለፈችው በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ስለሆነ ምስጋናው ለሳቸው ሆነ፤ ይገባቸዋልም። ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው የሳቸው ቡድን ነው።

ሆኖም ነጥቡን እንቁጠር። ኢትዮጵያ በ9 ነጥብ ሁለተኛ ሆና ስታልፍ ማዳጋስካር 8 ነጥብ ይዛ ቀረች። ከዘጠኙ ሦስቱ የተገኙት በኅዳር 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ኮትዲቯርን 2 ለ 1 በማሸነፍ ነው። ያን ዕለት አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። እነዚያ ሦስት ነጥቦች ባይኖሩ ኢትዮጵያ በ6 ትቀር፣ ማዳጋስካር ታልፍ ነበር። እንግዲህ ማን አሳለፈን? መልሱ «ሁለቱም» ነው። ገበሬያችን ይህን ያውቀዋል። ሰሊጡን በሰኔ የዘራው አንዱ ሰው፣ በጥቅምት ያጨደው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ምርቱ የአጫጁ ብቻ ነው አይልም።

፮. ታዲያ ማንሣት ክልክል ነው ወይ?

አይደለም። አንዳንድ ሰው እስካሁን ያልነውን ሰምቶ «አሠልጣኝ አይነካ» የሚል ሊመስለው ይችላል። የትዕግሥት ጠበቆች ዘወትር የሚጠቅሱት አሌክስ ፈርጉሰንን ነው። በኅዳር 1986 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ዩናይትድን ተረከቡ። በ1989 መጨረሻ ደጋፊዎች «ይበቃሃል» የሚል ጨርቅ በስታዲዮም ሰቀሉባቸው፤ ክለቡ ግን አላነሣቸውም። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ1993 አመጡ፤ በ2013 ሥራቸውን ሲለቁ የሊግ ዋንጫው 13 ደርሶ ነበር።

ምሳሌው ያምራል፤ ግን ጠበቃው የማይነግረን ነገር አለ። በትዕግሥት ተጠብቀው ምንም ያላመጡ አሠልጣኞች ስም በቃላችን የለም፤ የምናስታውሰው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ቼልሲ በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ቪላስ ቦአስን አንሥቶ ረዳቱን ዲ ማቴዎን ሲተካ፣ ያው ቡድን በሁለት ወር ከምናምን ውስጥ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በአንድ ምሳሌ መማል አይቻልም። ማንሣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም አሠልጣኙ የተሰጠውን ዕድልና መሣሪያ ይዞ ሥራውን ካልሠራ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር መተማመኑ ከፈረሰ፣ ወይም ጉድለቱ ሲነገረው ካላረመ ነው። ዋናው ነገር የማንሣቱ ምክንያት በግልጽ መታወቁ ነው፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ተተኪው በምን ይመረጣል?

፯. ለክርክር የሚጠቅሙ አራት ጥያቄዎች

ስለዚህ ከስም በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢቀድሙ ክርክራችን መልክ ይይዛል እንላለን።

ሀ/ የተሰናበተው ሰው ምን እንዲያደርግ ተጠይቆ ነበር? ዋንጫ? ከወራጅ ቀጠና መትረፍ? ወጣቶችን ማፍራት? ያልተጠየቀውን ባለማድረጉ አንክሰሰው።

ለ/ ምን ይዞ ነበር? ተጫዋች፣ ሜዳ፣ ደመወዝ፣ ጊዜ። ከሊጋችን ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት የሚተዳደሩ እንደመሆናቸው ለውል ማፍረሻ የሚከፈለው ገንዘብም የሕዝብ ነው።

ሐ/ የምንፈርደው በስንት ጨዋታ ነው? ሦስት ጨዋታ ስለ ዕድል ይናገራል፤ ሠላሳ ጨዋታ ስለ ሥራ ይናገራል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በሙሉ የውድድር ዓመት ድምር እንጂ በአንድ ማታ አይደለም።

መ/ ዕጩው የጎደለውን ነገር ከዚህ በፊት የት ሠርቶታል? «ታዋቂ ተጫዋች ነበር» መልስ አይሆንም። መንግሥቱ ወርቁ ታላቅ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበሩ፤ ሆዜ ሞሪንሆ ግን ስመ ጥር ተጫዋች አልነበረም። ወደ ትልቅ ክለብ ከመግባቱ በፊት በትውልድ ሀገሩ በፖርቱጋል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ሉዊ ቫን ኻልም እንዲሁ በሆላንድ ለዓመታት ያንኑ ትምህርት አስተምሯል። (ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ይህን በደስታ እንድታነቡት ነው የጻፍነው!)

አራቱም ከተመለሱ በኋላ ስም ይጠራ። ብዙ ጊዜ ያን ሲሆን ሃያ ስም ወደ ሁለት ይወርዳል፤ አንዳንዴም «መቀየር ያለበት ሌላ ነገር ነው» የሚል መልስ ይመጣል።

፰. ነገሩ ለኛ ምናችን ነው?

ከላይ በቀጠሮ ያቆየነውን እንመልስ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ በሚቀጥሉት ዓመታት በመተማ፣ በቋራና በሌሎችም የቆላ ቀበሌዎች ትመደባላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል።

አንደኛው፣ ብትወዱም ባትወዱም ፊሽካ ይሰጣችኋል። የትምህርት ቤቱ ቡድን በጥቅምት ሲሸነፍ «መምህሩ አይችልም፣ ሌላ ይምጣ» ይባላል። ነገር ግን በጥቅምት ከተሰላፊዎቹ ግማሹ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ናቸው፤ ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና አባት ልጁን ለኳስ ብሎ አይለቅም። እዚህ ላይ የሚቀየረው የውድድሩ ወር ነው ወይስ አሠልጣኙ?

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ «ርዕሰ መምህሩ ይነሣ፣ መምህሩ ይቀየር» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ምናልባት በአንዳንዱ ቦታ ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው በማንሣት ያልተገኘ መጽሐፍ አይገኝም፤ በአጨዳ ወቅት የባዘነ ተማሪ አይመለስም፤ ከታችኛው ክፍል የመጣ የንባብ ጉድለት አይሞላም። አዲሱም መምህር በሁለተኛው ዓመት እንደ ፊተኛው ይወቀሳል። ጉድለቱ ሳይታወቅ ሰው የሚቀያየርበት ትምህርት ቤት ልጆቹን የሚከፍላቸው በዓመታት ነው፤ ቡድን ግን ቢበዛ ዋንጫ ያጣል።

ስለሆነም በየሻይ ክበቡ የሚደረገው የኳስ ክርክር ጥሩ ልምምድ ነው። ማንም የማይጎዳበት ቦታ ላይ ሆነን ጉድለትን ከሰው፣ ዕድልን ከሥራ፣ የዘራውን ከአጨደው መለየት እንለማመድበት። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አሠልጣኝ ተሰናብቶ «ማን ይተካው?» የሚል ድምፅ ሲነሣ፣ ከመካከላችን አንዱ ቀድሞ «ቆይ፣ ጉድለቱ ምን ነበር?» ይበል። ከዚያ እስከ መብራት ማጥፊያ መከራከር ይቻላል።